ቅጠሉ ጠቁሮ የቀጨጨ በቆሎ፦ ስኳር ከክሎሮፕላስት የሚወጣበት መንገድና ፎስፎረስ
በቆሎ ከበቀለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በማሳ የሚታይ አንድ አሳሳች ምልክት አለ። ተክሉ ቀጭጯል፤ ቅጠሉ ግን አልገረጣም። እንዲያውም አረንጓዴው ወደ ጥቁረት ያደላል፤ በታችኞቹ ቅጠሎች ጫፍና ጠርዝም ወይን ጠጅ ቀለም ይታያል። ገበሬው «ቀለሙ መልካም ነው» ብሎ ይተወዋል፤ ወይም ዩሪያ ገዝቶ ይጨምራል። የጎደለው ፎስፎረስ ከሆነ ግን ለዩሪያው የወጣው ገንዘብ በከንቱ ይቀራል። ምክንያቱን ለማስረዳት ወደ ቅጠሉ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርጉት በሕዋሶቹ ውስጥ የሚገኙት ክሎሮፕላስት የተባሉ ጥቃቅን አካላት ናቸው። የተክሉ ምግብ የሚሠራው በእነዚህ ውስጥ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው በሁለት ስስ ሽፋኖች የታጠሩ ናቸው። የውስጠኛው ሽፋን የመጣውን ሁሉ አያሳልፍም። በፀሐይ ብርሃን የተሠራው ባለ ሦስት ካርቦን ስኳር ከፎስፌት ጋር ተጣብቆ ይወጣል፤ በምትኩም አንድ ፎስፌት ከውጭ ይገባል። ነገሩ እንደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነው፤ ባዶውን ያልመለሰ ሙሉውን አይወስድም። ከሽፋኑ ውጭ አራቱ ተዋሕደው አንድ ሱክሮስ ሲሆኑ ፎስፌቶቹ ይለቀቃሉ። ሱክሮሱ ወደ ሥርና ወደ ፍሬ ሲጓዝ፣ ፎስፌቱ ወደ ክሎሮፕላስቱ ይመለሳል። ይህን አንድ ለአንድ ልውውጥ የሚያካሂደውን ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ጀርመናዊው ሃንስ ዋልተር ሄልትና ባልደረቦቹ አጥንተዋል።

ፎስፌት ሲያንስ ስኳሩ መውጫ ያጣል፤ ስታርች እየሆነም እዚያው ይከማቻል። ሥሩ ይራባል። የቅጠሉ መስፋት ከአረንጓዴው ቀለም መሠራት ይበልጥ ስለሚዘገይ ቀለሙ በትንሽ ቅጠል ላይ ይጠጥራል፤ ወይን ጠጁም የሚመጣው ከተጠራቀመው ስኳር ጋር ነው።

እርግጥ ተክል ዘዴ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት፣ ይህ በር በዘረመል ዘዴ የጠበበበት ድንች መጀመሪያ ዕድገቱ ቢዘገይም ኋላ ላይ አገግሟል። ቀን የታገደው ስታርች ሌሊት ማልቶስና ግሉኮስ እየሆነ በሌላ በር ይወጣልና። ሆኖም ያ ድንች የፎስፌት እጥረት አልነበረበትም። ፎስፎረስ የጎደለው በቆሎ በሌሊቱ በር ብቻ አይድንም፤ ፎስፌትን ለሌላም ብዙ ሥራ ይፈልገዋል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ከቀለሙ ብቻ ተነሥታችሁ አትፍረዱ። ብርድ ለጋውን በቆሎ ወይን ጠጅ ሊያስመስለው ይችላል፤ በተፈጥሮው እንዲህ ያለ ቀለም ያለው ዝርያም አለ። ስለዚህ አፈሩን ማስመርመር ይገባል። ፎስፌት በአፈር ውስጥ እንደ ናይትሬት አይጓዝም። ዳፕም ሆነ ኤን.ፒ.ኤስ. በዘር ወቅት፣ በመስመር፣ ዘሩን ሳይነካ ግን ለሥሩ ቀርቦ መቀበር አለበት። በአሲዳማ አፈር ደግሞ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፌቱን ስለሚይዙት፣ ኖራ በምርመራው ውጤት መጠን ከዘር በፊት ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ይኖርበታል። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም የፎስፌት ማዳበሪያውንና ኖራውን ከዩሪያው አስቀድመው ያስመጡ፤ ዩሪያ በከፊል ከበቀለ በኋላ ሊጨመር ይችላል፤ ፎስፌት ግን ዘር ከተዘራ በኋላ ቢደርስ ለዚያ አዝመራ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው።