የጠፋችው ቡሶላ

አውሮፕላን የወደድኩት ጅማ ነው፤ ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ዲሲ-3 ሊያርፍ ሲል ዘበኛው ከብቶቹን ከሜዳው ያባርራል፣ እኛ ልጆች አጥሩ ሥር እንኮለኮላለን። ጓደኞቼ አብራሪውን ለማየት ይጋፋሉ። የእኔ ዓይን ግን መሰላል አቁሞ የሞተሩን ሽፋን የሚከፍተው ሰውዬ ላይ ነበር። ካቻቢቴውን በጥርሱ ነክሶ በሁለት እጁ ውስጡን ይዳብሳል። ሞተሩ ሲነሣ መጀመሪያ ጭስ ይተፋል፣ ያስነጥሳል፤ ቆየት ብሎ 14ቱም ሲሊንደሮች አንድ ድምፅ ይሆናሉ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

አድጌ የአውሮፕላን ጥገና መሐንዲስ ሆንኩ። ሥራዬን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ያን የሚያህል ብረት እንዴት ተነሥቶ ይበራል?» ብሎ ነው። የሚያነሣው አየር ነው። ክንፉ አየሩን ወደ ታች ይገፋል፤ አየሩም በአጸፋው ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። በቂ አየር እንዲያገኝ ደግሞ አውሮፕላኑ በኃይል መሮጥ አለበት።

የአገራችን ፈተና እዚህ ላይ ይመጣል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ክንፉን በደንብ አይደግፍም፣ ሞተሩንም አያጠግብም። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ የሚይዘውም ጭነትና ነዳጅ ይወሰናል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ በአንድ ትንፋሽ የሚመጣው በረራ፣ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ የኖረው አንድም በዚህ ከፍታ፣ አንድም ከፊት በሚገፋው ነፋስ ምክንያት ነው።

እኛ ምድር ላይ የምንቀረው ለዚያ ሩጫ እናዘጋጀዋለን። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ሌሊት ጨርሰን መሣሪያ ስንቆጥር የአውራ ጣቴን ጫፍ የምታህል ቡሶላ፣ የብሎን መፍቻ ራስ፣ ጎደለችኝ። በሳጥናችን ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ በልኩ የተቆረጠለት ቦታ አለው፤ የእሷ ቦታ ባዶውን አፍጥጦብኛል። አውሮፕላኑ ንጋት ላይ ይፈለጋል። የዘጋሁትን ሽፋን ሁሉ መልሼ ከፈትኩ። በአንድ እጄ ባትሪ፣ በሌላው ረጅም እጀታ ያለው መስታወት ይዤ ጥጋጥጉን በረበርኩ። ከሦስት ሰዓት ፍለጋ በኋላ አንድ ቱቦ ሥር ተሸጉጣ አገኘኋት። እዚያ ብትቀር ኖሮ ተንከባላ የመሪ ገመድ ልትቀረቅር ትችል ነበር።

አለቃዬ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ እሷ ሳትገኝ እኔም አልፈርምም ነበር» አሉኝ። ጥገናው ሲያልቅ ፈቃድ ያለው ባለሙያ «ለበረራ ብቁ ነው» ብሎ ካልፈረመ ተሳፋሪ አይጫንም። የመብረር ፍቅሬ ከዚያ ሌሊት ወዲህ መልኩን ለወጠ፤ ደመናውን ከማየት ይልቅ በፊርማዬ ስለሚሄዱት ሰዎች አስብ ጀመር።

ጊዜው ሲለወጥ ብረቱም ተለወጠ። በ2004 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ድሪምላይነር ክብደቱ ግማሽ ያህሉ በካርቦን ክርና በሙጫ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ገላ ውስጥ ለውስጥ ተላቅቆ እንደሆነ ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ በቀላሉ መታ መታ አድርጎ ማድመጥ ነው፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተላቀቀው ድምፁ ይታፈናል። እናቴም ገበያ ላይ ጀበና የምትመርጠው እንዲሁ ነበር።

በጥር 2016 ዓ.ም. ጣሊያን «ፀሐይ»ን ለኢትዮጵያ ስታስረክብ በቴሌቪዥን አየኋት። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት፣ ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ናት። በዚህ ስስ አየር፣ በዚያች ሞተር! ዓይኔ ክንፏ ከገላዋ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀረ። ያንን ያጠበቁት እጆች የኢትዮጵያውያንም ነበሩ፤ እነሱም ከማታ እስከ ንጋት መሣሪያቸውን ቆጥረው ይሆናል።