የጠፈር ድራማና የአእምሮ ሕመም

በአገራችን ድራማ የአእምሮ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ በቡትቶውና በተንጨባረረ ፀጉሩ ይታወቃል። ወይ ያስቃል ወይ ያስፈራል፤ ሕመሙ እንዴት እንደጀመረው፣ ማን እንደሚያስታምመው አይነገርም። «አማኑኤል» የሚለው የአእምሮ ሆስፒታል ስም እንኳ መሳለቂያ ሆኖ ኖሯል። እንደ ሐሙሲት ባለ የማን ቤት ምን እንዳለ በሚታወቅበት ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለ ድራማ ቤተሰብን ያሸማቅቃል። በእኔ እምነት የሳይንስ ልቦለድ ትልቁ ጥቅሙ ታሪኩን ከጎረቤት ደጅ ማራቁ ነው። ሩቅ ስለሆነ ያወያያል።

የጠፈር ድራማው ስታር ትሬክ እ.ኤ.አ. በ1987 በአዲስ መልክ ሲጀመር ከመርከቡ አዛዥ ጎን የሥነ ልቦና አማካሪ አስቀመጠ። በ1990 አዛዡ ከጠላት ምርኮ ሲመለስ አንድ ሙሉ ክፍል ለሐዘኑ ተሰጠ፤ ጀግናው ከወንድሙ ጋር ጭቃ ላይ ተደባድቦ ያለቅሳል። ከሁሉ የሚልቅብኝ ግን በሌላ የስታር ትሬክ ተከታታይ ድራማ የቀረበው የ1998ቱ የኖግ ታሪክ ነው። ወጣቱ ወታደር በጦርነት እግሩን አጥቶ ሰው ሠራሽ እግር ተተክሎለታል። ሐኪሞቹ እግሩ ደህና ነው ይላሉ፤ እሱ ግን ያመዋል፣ በከዘራ ያነክሳል። ኮምፒውተር በፈጠረው የሙዚቃ ቤት ተሸሽጎ አልወጣም ሲል አማካሪዋ ጊዜ ትሰጠዋለች። በመጨረሻ ሲወጣም እድናለሁ ይላል እንጂ ድኛለሁ አይልም።

ባለሙያ ማማከርም እየተለመደ መጥቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2008 የፊልም ጸሐፊዎችን ከተመራማሪዎች ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ከፈተ። ቢቢሲ በ2010 በዶክተር ሁ ድራማ ስለ ሠዓሊው ቫን ጎህ የሠራውን ክፍል ሲያበቃ ለተጨነቁ ተመልካቾች የእርዳታ መስመር አስታወቀ። ታሪኩም ሠዓሊውን በተአምር አያድነውም።

እኛ ዘንድ የሳይንስ ልቦለድ ፊልም በጣት የሚቆጠር ነው። ጥናትን ወደ ድራማ መለወጥ ግን አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የሬዲዮ ድራማ ስለ ኤችአይቪና የቤተሰብ ምጣኔ በጥናት ላይ ተመሥርቶ ተጽፏል። ለአእምሮ ሕመምም ይቻላል። ጎርፍ ማሳውን የወሰደበትን የፎገራ ሩዝ ገበሬ መቶ ዓመት ወደፊት የሚወስድ ደራሲ ጎንደር ሄዶ ሐኪሞችን ይጠይቅ፤ በጸበል ቦታም ከታማሚው ጎን የማይጠፉትን እናቶች ያነጋግር። ሌሊት ማን ይጠብቃል? መድኃኒቱ ሲያልቅ ከየት ይመጣል? ከጸበሉ ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ማን ነገራቸው?