የተማሪዎችን ደብተር ስለ ማረም

በቅኔ ቤት የሚማር ተማሪ የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ስሕተቱም ወዲያው በቃል ይታረምለታል። እንደ ተፈሪ መኰንን (1917 ዓ.ም.) ያሉ ተማሪ ቤቶች ከተከፈቱ ወዲህ ግን እርማቱ ከአፍ ወደ ደብተር እየተዛወረ ሄደ፤ ስለዚህም በስሕተቱና በእርማቱ መካከል ቀናት ይገቡ ጀመር።

50 ልጆች ያሉት አስተማሪ ለአንዱ ደብተር 3 ደቂቃ ቢበቃው እንኳ፥ ሁሉን ለመጨረስ 2 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ይህም ቀኑን ሲያስተምር ውሎ፥ ማታ ከገዛ ልጆቹ ጊዜ ተከፍሎ የሚሠራ ነው። ሥራው በዝቶበት ደብተሩ በሳምንቱ ቢመለስ፥ ልጁ ምን አስቦ እንደ ጻፈ ረስቶታል፤ ቀዩን ቀለም አይቶ ገጹን ይገለብጣል እንጂ አይማርበትም።

ስለዚህ የመልመጃውን መልስ በማግሥቱ ጧት በጥቁር ሰሌዳ ጽፎ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያርሙ ማድረግ፥ አስተማሪው ግን በየቀኑ 10 ደብተር ብቻ በጥንቃቄ መመርመር ይሻለዋል፤ በ5 ቀን ለሁሉም ይዳረሳል። ልጆች ያታልላሉ የሚል ሰው አይጠፋም። በርግጥ ያታልላሉ፤ ነገር ግን የዕለቱ ተራ የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ካልታወቀ ማታለሉ ይቀንሳል። ነጥቡንም በዚያው ሰዓት በመዝገብ ማግባት ነው፤ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ የቈየ ቍጥር በመጨረሻ ክርክር ያመጣል፤ ይህን በጽሕፈት ሥራ የኖርን ሁሉ እናውቀዋለን።

እኛም በሥራ ብዛት የልጆቻችንን ደብተር ከስንት አንድ ቀን የምናይ አባቶች፥ ቍጥሩን ብቻ አንብበን ልጁን ከመቈጣት፥ ከተሰረዘበት አንዱን መርጠን «ይህ ስለ ምን ተሰረዘ?» ብለን ብንጠይቀው ከ5 ደቂቃ የሚበልጥ ጊዜ አይወስድብንም።