ነጭ ውኃ በጥቁር ዓለት ላይ

ከጣና ሐይቅ የወጣው ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ጥቁር የባሳልት ገደል ጫፍ ላይ ደርሶ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረወራል። ጢስ ዓባይ በቀድሞው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ስለታተመ መልኩን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ሆኖም ካሜራ ይዞ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ይዞት የሚመለሰው ምስል ብዙ ጊዜ ያሳዝነዋል፤ ውኃው ዝርዝር የሌለው ነጭ ጨርቅ፣ ገደሉም ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ይወጣል።

ችግሩ የብርሃን ማነስ አይደለም። የሚወድቅ ውኃ ተሰባብሮ ከአየር ጋር ስለሚደባለቅ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ጠብታዎችና አረፋዎች ይሆናል፤ እነሱም የፀሐይን ብርሃን ቀለም ሳይለዩ በየአቅጣጫው ይበትኑታል። ንጹሕ ውኃ በብርጭቆ ውስጥ ቀለም አልባ ሆኖ ሳለ በፏፏቴ ላይ የሚነጣው ለዚህ ነው። አጠገቡ ያለው እርጥብ ባሳልት በአንጻሩ የደረሰውን ብርሃን አብዛኛውን ይውጠዋል። የሰው ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ብሌኑን እያጠበበና እያሰፋ ሁለቱንም ያያል፤ አእምሮም አያይዞ አንድ ትዕይንት ያደርጋቸዋል። ካሜራ ግን ለጠቅላላው ምስል የሚወስደው የብርሃን መጠን አንድ ነው።

በዚያ ላይ የካሜራው የብርሃን መለኪያ ያየውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ምስሉን የሞላው ነጭ ውኃ ከሆነ መለኪያው አጨልሞ ግራጫ ያደርገዋል፤ አብዛኛው ቦታ ጥቁር ዓለት ከሆነ ደግሞ አብርቶ ውኃውን ያቃጥለዋል። ከሁለቱ ጥፋቶች የከፋው ሁለተኛው ነው። ጨለም ብሎ የተነሣ ዓለት በኋላ በኮምፒውተር ሲነካካ በውስጡ ያለው ዝርዝር በከፊል ይመለሳል፤ የተቃጠለ ነጭ ግን ምንም መረጃ ስለሌለው የሚመለስ ነገር የለውም። ስለዚህ ልምድ ያለው ፎቶ አንሺ በካሜራው ሂስቶግራም (የብርሃን ስርጭት ግራፍ) ላይ ነጩ የሚያርፍበትን የቀኝ ጠርዝ ይጠብቃል፤ ጥላው የሚከፍለውን ይክፈል ብሎ ይተወዋል። በክረምት ሥራው ትንሽ ይቀላል፤ ዓባይ ከደጋው ያጠበውን አፈር ተሸክሞ ቡናማ ስለሚሆን እንደ በጋው ውኃ ዓይን አያጭበረብርም።

ሁለተኛው ጥያቄ እንቅስቃሴ ነው። ከ42 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ነገር የአየር መጎተት ባይኖር መሬት ሲደርስ በሰከንድ 29 ሜትር ያህል ይጓዛል። የካሜራው ሹተር ለ1/1000 ሰከንድ ቢከፈት ጠብታው በዚያ ቅጽበት የሚሄደው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ቆሞ ይታያል። በ1/60 ሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ይህ ደግሞ የቆመም የፈሰሰም ሳይመስል የተበላሸ የሚመስለው መካከለኛ ፍጥነት ነው። ግማሽ ሰከንድ ሲሆን ጠብታዎቹ እርስ በርስ ተደራርበው እንደ ሐር ነጠላ ይዘረጋሉ። ይህ የሐር መልክ ዛሬ እንደ ጥበብ ይቆጠራል እንጂ አጀማመሩ ግዴታ ነበር። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ካርልተን ዋትኪንስ በ1861 እ.ኤ.አ. የዮሰሚቲን ሸለቆ በትልልቅ የመስታወት ሰሌዳዎች ሲያነሣ የዘመኑ ኬሚካል ብርሃንን የሚቀበለው በዝግታ ስለነበር ውኃን አቁሞ ማንሣት አይታሰብም ነበር።

የዛሬ ካሜራ ችግር ተቃራኒው ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ በዝቅተኛው የተለመደ የብርሃን ትብነት (አይኤስኦ 100)፣ የሌንሱ ቀዳዳ እስከ ኤፍ 16 ጠብቦ እንኳ ትክክለኛው ሹተር 1/100 ሰከንድ ገደማ ነው። ግማሽ ሰከንድ ለማግኘት ብርሃኑን 50 ጊዜ መቀነስ ያስፈልጋል። ቀዳዳውን ከዚያ በላይ ማጥበብ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉን ያደበዝዛል። መፍትሔው ሌንሱ ላይ የሚገጠም ጥቁር መስታወት ነው፤ ባለ 6 ስቶፕ የሚባለው ፊልተር ብርሃኑን 64 ጊዜ ይቀንሳል። ትራይፖድ የግድ ነው፤ ካልሆነ ከውኃው ጋር ገደሉም ይፈስሳል። አንዳንድ ስልኮች ያለ ፊልተር ተመሳሳይ ውጤት የሚያመጡት ብዙ አጫጭር ምስሎችን በተከታታይ አንሥተው በማማከል ነው።

ይሁንና ፊልተር የብርሃኑን መጠን እንጂ ጠባዩን አይለውጥም። የቀትር ፀሐይ ከፊልተሩ በስተጀርባም የቀትር ፀሐይ ነው፤ በነጭና በጥቁር መካከል ያለው ርቀት አይጠብም። የሚያጠበው ደመና ነው። ደመና ብርሃኑን ከሰማይ ሁሉ እኩል ስለሚያወርድ ጥላው ይሳሳል፣ ነጩም ይለዝባል። ለሐር ውኃ ከዚህ የተሻለ ብርሃን የለም።

እዚህ ላይ ግን ፏፏቴው ሁለት እርስ በርስ የሚቃረኑ ነገሮችን ይጠይቃል፤ ቀስተ ደመና የሚወጣው ደመና ሲከልል ሳይሆን ፀሐይ ያለ ከልካይ ስትወጣ ነው። ቀስቱ ክብ ነው፤ መካከሉ ከፀሐይ በትክክል በተቃራኒ፣ የተመልካቹ የራስ ጥላ በሚያርፍበት አቅጣጫ ሲሆን ጠርዙ ከዚያ 42 ዲግሪ ይርቃል። ስለዚህ ፀሐይ ከአድማስ ከ42 ዲግሪ በላይ ስትወጣ ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው ቀስቱ ከአድማስ በታች ይሰምጣል። በጢስ ዓባይ አካባቢ በመስከረም አጋማሽ ይህ የሚሆነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ከገደሉ ማዶ ከፍ ብሎ የቆመ ሰው ግን ከፏፏቴው የሚነሣው የጠብታ ጭስ ከእግሩ በታች ስለሆነ ቀስቱን ከዚያ በኋላም ቁልቁል ሊያየው ይችላል። ፀሐይን ጀርባ አድርጎ መቆም የማይታለፍ ነው፤ ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ ያላዩ ሌንሶች በከንቱ ይጠብቃሉ።

የእርጥብ ዓለትንና ቅጠልን ነጸብራቅ የሚያስወግደው ፖላራይዘር ፊልተርም እዚህ ወጥመድ አለው። የቀስተ ደመና ብርሃን ራሱ በአመዛኙ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ስለሆነ ፊልተሩ ወደ አንድ ጎን ሲዞር የቀስቱ አንድ ክፍል ይደምቃል፣ 90 ዲግሪ ሲዞር ግን ያ ክፍል ከምስሉ ይጠፋል። ሳያዩ ማዞር ቀስተ ደመናን በገዛ እጅ መሰረዝ ነው።

ጭሱ ከሌለ ግን ይህ ሁሉ ሒሳብ አይሠራም። ከፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 እ.ኤ.አ. ተሠርተዋል። በበጋ ውኃው በብዛት ወደ ተርባይኖቹ ሲዞር ገደሉ ላይ የሚቀረው ቀጭን ጅረት ነው፤ ፀሐይዋ በትክክለኛው ቦታ ብትሆንም ቀስት የሚሠራባት ጠብታ በአየር ላይ እምብዛም አታገኝም።