ያላዩት ሲከፍሉለት የኖረ ጨዋታ

አሜሪካ ውስጥ ስፖርት ብቻ የሚያሳዩ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል እጅግ አትራፊ ከሆኑ የመገናኛ ብዙኃን ተርታ ነበሩ። ዛሬ ከፊሎቹ ተዘግተዋል፣ ከፊሎቹ በኪሳራ ፍርድ ቤት አልፈዋል፣ ትልልቆቹም አዲስ ገቢ ፍለጋ ላይ ናቸው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሰው ቴሌቪዥን ማየት ተወ» የሚል ነው፤ ይህ ግን ነገሩን እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ ያስረዳል። በ2025 የተካሄደውን የአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ በአማካይ ከ127 ሚሊዮን በላይ ሰው ተከታትሎታል (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተመልካቹ አለ። የጠፋው ስፖርት ሳያይ ይከፍል የነበረው ሰው ነው።

ይህ እንዲገባ በቅድሚያ ገንዘቡ በየት በኩል ይመጣ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። አሠራሩ ዲኤስቲቪ ላስገባ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም፤ ደንበኛው አንድ ቻናል ነጥሎ አይገዛም፣ የሚገዛው ጥቅሉን ነው። ኳስ ወዳዱም፣ ፊልም ወዳዱም፣ ዜና ብቻ የሚከታተለውም እኩል ሒሳብ ይከፍላሉ። የአሜሪካ የኬብልና የሳተላይት ድርጅቶችም በዚሁ መንገድ ከየቤቱ ከሚሰበስቡት ወርኃዊ ክፍያ ላይ ለየጣቢያው ድርሻውን ይቆርጡለታል። ጣቢያው ማስታወቂያም ይሸጣል፤ ትልቁ ገንዘብ ግን ይህ ድርሻ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ መሥራት ይቻላል። በአንድ አካባቢ 5 ሚሊዮን የኬብል ደንበኛ ቤቶች አሉ፣ ለአካባቢው የስፖርት ጣቢያም ከእያንዳንዱ ቤት በወር 5 ዶላር ይቆረጣል እንበል። ጣቢያው በወር 25 ሚሊዮን፣ በዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል። ከእነዚህ ቤቶች ጨዋታውን በእርግጥ የሚያየው አንድ አምስተኛው ብቻ ቢሆን፣ የአራት አምስተኛው ክፍያ የሚመጣው ጣቢያውን ከፍቶ ከማያውቅ ሰው ነው ማለት ነው። የማያዩት ሁሉ ቢወጡና ጣቢያው ያንኑ ገቢ ከተመልካቾቹ ብቻ ማግኘት ቢፈልግ፣ ወርኃዊ ክፍያው ከ5 ወደ 25 ዶላር መዝለል አለበት። በዚያ ዋጋ ደግሞ ከተመልካቹም የሚቀረው ጥቂት ነው።

ይህን አሠራር አገር አቀፍ ያደረገው ኢኤስፒኤን ነው። ጣቢያው በሴፕቴምበር 1979 ኮነቲከት ውስጥ ከምትገኘው ብሪስቶል ከተማ ሥርጭት ጀመረ። መሥራቹ ቢል ራስሙሰን ከአንድ የሆኪ ክለብ ሥራው የተሰናበተ ሰው ሲሆን፣ ዋናውን ገንዘብ ያቀረበለት ጌቲ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ነበር። ከየቤቱ ክፍያ ይቆረጥለት ሲጀምር የሚያገኘው ሳንቲም ነበር። ጣቢያው ትልልቅ ጨዋታዎችን እየገዛ ሲሄድ ክፍያውም አብሮ ጨመረ፤ ክፍያው ሲጨምር የባሰ ትልቅ ጨዋታ መግዛት ቻለ። በ2011 አካባቢ ወደ 100 ሚሊዮን ቤቶች ይደርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኬብል የሚያቋርጠው ሰው በረከተ፤ ኔትፍሊክስና መሰሎቹ ፊልምና ድራማ ወዳዱን ወሰዱት። ኬብሉን መጀመሪያ የተወው እንግዲህ ለስፖርቱ ወጪ ሲደጉም የኖረው ወገን ነበር።

ከአገር አቀፉ ጣቢያ ጎን ብዙም የማይወራላቸው የአካባቢ ስፖርት ጣቢያዎች ነበሩ፤ ውድቀቱ የከፋውም በእነሱ ላይ ነው። የቤዝቦል ክለብ በአንድ ዓመት 162 መደበኛ ጨዋታዎች ያደርጋል። ከእነዚህ አብዛኞቹን የሚያሳየው የከተማው ጣቢያ ነው፤ ክለቡም ከጣቢያው በሚያገኘው ገንዘብ ተጫዋቾቹን ይቀጥራል። የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ ከዚህ አደጋ የዳነው መደበኛ ጨዋታዎቹን በጅምላ ለአገር አቀፍ ጣቢያዎች ሸጦ ገቢውን ለክለቦቹ እኩል ስለሚያካፍል ነው። ቤዝቦል፣ ቅርጫት ኳስና ሆኪ ግን ለየክለቡ የየራሱን ገበያ ትተውለት ኖረዋል።

የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ደወል የተሰማው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነበር። የዶጀርስ ቤዝቦል ክለብ በ2013 ከታይም ዋርነር ኬብል ጋር ለ25 ዓመታት 8.35 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል ተፈራረመ፤ በአማካይ በዓመት 334 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ነው። በ2014 አዲሱ ጣቢያ ሲከፈት ሌሎቹ የኬብልና የሳተላይት ድርጅቶች የተጠየቁትን ክፍያ «በዛ» ብለው አንቀበልም አሉ። በዚህም ምክንያት ብዙ የከተማዋ ቤቶች የገዛ ክለባቸውን ጨዋታ ማየት አቃታቸው። ቪን ስከሊ ከ1950 ጀምሮ ለ67 የውድድር ዘመናት የዶጀርስን ጨዋታ ያስተላለፈ፣ ድምፁን ሰምቶ ያደገው ትውልድ እንደ ዘመድ የሚያየው ሰው ነበር። በ2016 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የነበሩትን የመጨረሻ ዓመታት ብዙ የሎስ አንጀለስ ሰው በቴሌቪዥን ሊከታተለው አልቻለም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስቆጭ ነገር የለም፤ ክለቡ ገንዘቡን አገኘ፣ ደጋፊው ግን በውድ ገመድ ተለየ። ከትልቁ የሳተላይት ድርጅት ከዳይሬክቲቪ ጋር ስምምነት የተደረሰው በ2020 ነው።

ዋናው ውድቀት የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ዲዝኒ በ2019 አብዛኛውን የፎክስ ንብረት በ71 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲገዛ፣ የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት የአካባቢ ስፖርት ጣቢያዎቹን እንዲሸጥ አስገደደው። ሲንክሌር የተባለው ኩባንያ 21ዱን ጣቢያዎች ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛቸው፤ አብዛኛውም ብድር ነበር። ብድሩ የተወሰደው ደንበኛው በየወሩ እየቀነሰ ባለበት ሰዓት ነው። በዚያው ዓመት ዲሽ የተባለው የሳተላይት ድርጅት ጣቢያዎቹን ከጥቅሉ አወጣ፤ በ2020 ዩቲዩብ ቲቪና «ሁሉ» (Hulu) የተባሉት የኢንተርኔት አገልግሎቶች ተከተሉት። በዚያው ዓመት ኮሮና ጨዋታዎቹን ለወራት አስቆመ። ሲንክሌር ጣቢያዎቹን የያዘበት ዳይመንድ ስፖርትስ ግሩፕ በማርች 2023 ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ ቴክሳስ ውስጥ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በዚያን ጊዜ የ42 የቤዝቦል፣ የቅርጫት ኳስና የሆኪ ክለቦችን ጨዋታ የማሳየት መብት በእጁ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሳን ዲዬጎ ማየት ይቻላል። ዳይመንድ ለከተማዋ የቤዝቦል ክለብ ለፓድሬስ መክፈል የነበረበትን በሜይ 2023 መጨረሻ ሳይከፍል ቀረ። የቤዝቦል ሊጉ በማግሥቱ ሥርጭቱን ራሱ ተረከበ፤ በኢንተርኔት ማየት ለሚፈልግም በወር 19.99 ዶላር ተመን አወጣ፤ ጨዋታዎቹ በኬብልና በሳተላይት ሊደርሱባቸው የሚችሉ ቤቶችም ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ለተመልካቹ በግልጽ የተሻለ ነበር። ለክለቡ ግን ሊጉ በዚያ ዓመት ዋስትና የሰጠው ቀድሞ ይከፈለው ከነበረው 80 በመቶውን ብቻ ነው። ብዙ ሰው ማየቱና ብዙ ገንዘብ መገኘቱ እዚህ ላይ ተለያዩ።

የፊኒክስ ሰንስ የቅርጫት ኳስ ክለብ በዚያው ዓመት ከኬብል ወጥቶ በአንቴና በነፃ ወደሚታይ የአካባቢ ቴሌቪዥን ሲዛወር ለደጋፊዎቹ አንቴና በነፃ እስከማደል ደርሷል። በአጭር ጊዜ ገቢ ቢቀንስም፣ ጨዋታውን አይቶ የማያውቅ ልጅ ነገ ትኬት አይገዛም የሚለው ስሌት ትክክል ነው። ዳይመንድ ራሱ በ2025 መጀመሪያ ሜይን ስትሪት በሚል አዲስ ስም፣ ከቀድሞው ያነሱ ክለቦችን ይዞ ከኪሳራው ወጣ።

ትልልቆቹ ሊጎች በበኩላቸው ገዢ አላጡም። አማዞን ከ2022 ጀምሮ የሐሙስ ምሽት የአሜሪካ እግር ኳስን በዓመት ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ይዟል። የቅርጫት ኳስ ሊጉ ኤንቢኤ በ2024 ለ11 ዓመታት ወደ 76 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ከዲዝኒ፣ ከኤንቢሲና ከአማዞን ጋር ሲፈራረም፣ ከ1989 ጀምሮ ሲያስተላልፍ የኖረው ቲኤንቲ ውጪ ቀረ። ኢኤስፒኤንም በኦገስት 2025 ያለ ኬብል በወር 29.99 ዶላር የሚገዛ አገልግሎት ከፈተ። ዋጋውን ቀደም ሲል ከተሠራው ምሳሌ ጋር ላስተያየ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጣቢያው በዚህ አገልግሎት የሚያስከፍለው ማየት የሚፈልገውን ብቻ ነው። ኬብል ያቋረጠው ስፖርት የማይወድ ሰው ከማይፈልገው ዕዳ ተገላገለ፣ ይህም ፍትሐዊ ነው። ሁሉንም ማየት የሚፈልገው ግን አንዱን ጨዋታ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ እየተመዘገበ የብዙ አገልግሎቶችን ክፍያ ይደራርባል። አፕሊኬሽን መክፈት የማይሆንላቸው አረጋውያን ደጋፊዎች ደግሞ ከሒሳቡ ውጭ ሆነዋል።

ያልተፈታው ጥያቄ የክለቦች በገቢ መራራቅ ነው። የዶጀርስ የ25 ዓመት ውል እስከ 2030ዎቹ መጨረሻ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ጣቢያቸው የወደቀባቸው ክለቦች ግን ባነሰ ገንዘብ ከዶጀርስ ጋር ተጫዋች ይሻማሉ፤ ቤዝቦል ደግሞ የደመወዝ ጣሪያ የለውም። የሊጉ ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ አገር አቀፍ ውሎቹ በ2028 ሲያበቁ የክለቦቹን የአካባቢ መብት ሰብስቦ በአንድነት የመሸጥ ሐሳብ አላቸው። ለዚህ እንደ ኒው ዮርክ ያንኪስና ቦስተን ሬድ ሶክስ ያሉ፣ በራሳቸው ጣቢያ ውስጥ ድርሻ ያላቸው ባለጸጋ ክለቦች መስማማት ይኖርባቸዋል።