ስድስት ታክሲ፣ አንድ አውቶቡስ፦ የትራንስፖርት ማስታወቂያና የዓይናችን ፊዚክስ

የታክሲ ረዳት ጥሪ ከአንድ ወይም ከሁለት ቃል አይበልጥም። በኮልፌ 18 ማዞሪያ «መርካቶ! መርካቶ!» የሚለው ድምፅ ግን ቸኩሎ የሚሄደውን መንገደኛ ቀና ያደርገዋል። ለመሆኑ ሠራተኛውንና ተማሪውን ወደ ከተማ አውቶቡስ የሚጋብዝ ሥዕል ይህን ያህል ኃይል ሊኖረው ይችላልን? እንዲህ ያለው ሥራ ለሠዓሊ ብቻ የሚተው ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ ፊዚክስም የራሱ ድርሻ እንዳለው ለማሳየት እንሞክራለን።

ሐሳቡ ከየት ይምጣ?

በጀርመን አገር የምትገኘው የሙንስተር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1991 ያዘጋጀችው ማስታወቂያ ጥሩ ምሳሌ ነው። 72 ሰዎች በአንድ ጎዳና ላይ ሦስት ጊዜ ፎቶግራፍ ተነሡ፤ አንዴ ከ60 የቤት መኪናዎች፣ አንዴ ከ72 ብስክሌቶች፣ አንዴም ከአንድ አውቶቡስ ጋር። መኪናዎቹ ጎዳናውን ሞሉት፤ አውቶቡሱ ግን ጥቂት ቦታ ብቻ ያዘ። ተመልካቹ ረጅም ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ይህን ሐሳብ ወደ 18 ማዞሪያ እናምጣው። አንድ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ 12 ሰው ቢይዝ ለ72 ሰው 6 ሚኒባስ ያስፈልጋል። የእያንዳንዱ ርዝመት 5 ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም 2 ሜትር ቢሆን፣ ሰልፉ 40 ሜትር ይደርሳል። 12 ሜትር የሚረዝም አንድ አውቶቡስ፣ ከፊሎቹ ቆመውም ቢሆን፣ እነዚሁኑ ሰዎች ይወስዳል። እንግዲህ ሥዕላችን ከላይ ስድስት ታክሲ፣ ከታች አንድ አውቶቡስ፣ በሁለቱም ሥር «72 ሰው» የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል።

ፊደሉ ምን ያህል ይተልቅ?

ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ቢያንስ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል የሚያህል ማዕዘን ሲኖር ነው። ይህም በ50 ሜትር ርቀት ላይ 1.5 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው ትንሽ ጭረት ውፍረቷ የፊደሉ ቁመት 8ኛ እጅ ናት ብንል፣ ፊደሉ ከ12 ሴንቲሜትር ሊያንስ አይገባም። ዓይናቸው የደከመ አረጋውያንም ያንብቡት ከተባለ ከዚህ እጥፍ ቢሆን ይመረጣል።

ሥዕሉ በአውቶቡሱ ጎን ላይ ቢለጠፍስ? በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አውቶቡስ በሴኮንድ 8.3 ሜትር ያልፋል። ከእኛ በ5 ሜትር ርቀት ፊት ለፊታችን ሲያልፍ ዓይናችን በሴኮንድ 95 ዲግሪ ያህል መዞር ይኖርበታል፤ በ40 ሜትር ርቀት ሲሆን ግን 12 ዲግሪ ብቻ ይበቃዋል። ዓይን ደግሞ በሴኮንድ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚሮጠውን ነገር ሳያቋርጥ መከተል ይቸግረዋል። ስለሆነም በአውቶቡሱ ጎን አንድ ሥዕልና ሁለት ቃል ይበቃሉ። የጉዞ ሰዓትና ታሪፍ ተሳፋሪው ቆሞ በሚያነብበት በፌርማታው ሰሌዳ ላይ ይጻፉ።

ቀለሙስ?

አንበሳ አውቶቡስ ለብዙ ዓመታት የታወቀው በቀይና በቢጫ ቀለሙ ነበር። በቀን ብርሃን ዓይናችን ይበልጥ የሚነቃው 555 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላለው ቢጫ አዘል አረንጓዴ ብርሃን ነው። ሲጨልም ግን ይህ ልክ ወደ 507 ናኖሜትር ዝቅ ስለሚል ቀይ ቀለም ከሌሎቹ ቀድሞ ይጠቁራል። ክስተቱ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስተዋለው በቼኩ ሳይንቲስት በፑርኪንዬ ስም ይጠራል። ብዙው ሠራተኛ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ቀላል አይደለም። በጥቁር ላይ የተጻፈ ቀይ ፊደል መንገደኛው በሚፈልገው ሰዓት ይሰወርበታል፤ በቢጫ ላይ የተጻፈ ጥቁር ፊደል ግን ይነበባል።

እርግጥ ነው፣ አውቶቡሱ በሰዓቱ ካልመጣ የትኛውም ሥዕል ተሳፋሪውን አያሳምንም። የማይነበብ ማስታወቂያ ግን በሰዓቱ ለሚመጣውም አውቶቡስ አይጠቅምም። ውድ አንባብያን፣ ስሌቱን ራሳችሁ ፈትኑት፦ «ሉ»ንና «ሊ»ን በተለያየ መጠንና ቀለም በካርቶን ላይ ጽፋችሁ፣ በቀትርና በምሽት ከ50 ሜትር ርቀት ለጓደኞቻችሁ አሳዩአቸው፤ የትኛውን ለይተው እንዳነበቡም መዝግቡ።