ዳኛ የሌለው ጨዋታ

ባለ ሦስት አጋማሽ እግር ኳስ የተቃቃሩ ሰፈሮችና ማኅበረሰቦች ልጆች አንድ ሜዳ ላይ እንዲገናኙ የተበጀ የአጨዋወት ሥርዓት ነው። ዳኛ የለውም። የመጀመሪያው አጋማሽ ውይይት፣ ሁለተኛው ጨዋታ፣ ሦስተኛው ተመልሶ ውይይት ነው።

ሥሩ ያለው በኮሎምቢያዋ ሜዴሊን ከተማ ነው። በ1994 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኮሎምቢያው ተከላካይ አንድሬስ ኤስኮባር በዓለም ዋንጫ ከአሜሪካ ጋር ሲጫወቱ በራሱ መረብ ላይ ጎል አስቆጠረ፤ አገሩም ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። ኤስኮባር ወደ ሜዴሊን በተመለሰ በቀናት ውስጥ በጥይት ተገደለ። ከተማዋ ያን ጊዜ በአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎችና በመንደር ታጣቂዎች የተከፋፈለች ነበረች፤ አንድ ወጣት ከሰፈሩ ተሻግሮ ሌላው ሰፈር መግባቱ ብቻ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችል ነበር። እዚያው ይኖር የነበረው ጀርመናዊ ዩርገን ግሪስቤክ ከከተማዋ ሰዎች ጋር ሆኖ «እግር ኳስ ለሰላም» የተባለውን ሥራ የጀመረው ከዚህ ግድያ በኋላ ነው።

ኳሱ ከመመታቱ በፊት ሁለቱ ቡድኖች ሜዳው ላይ ክብ ሠርተው ይነጋገራሉ። ሕጉን የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው፦ የወደቀን ማን ያነሣል፣ መሳደብ ምን ያስቀጣል፣ ጎል ሲገባ አብሮ መጨፈር ይኖራል ወይ? በሜዴሊን ግን አንድ ሕግ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር። ቡድኑ ከወንዶችና ከሴቶች የተደባለቀ ሲሆን የመጀመሪያዋን ጎል ማግባት ያለባት ሴት ናት። ይህ ሕግ ለሴቶቹ ብቻ የታሰበ አይመስልም። ጉልበቱንና ዝናውን ተማምኖ የመጣ ጎረምሳ ሦስት ሰው አታልሎ ጎሉ አፍ ላይ ቢደርስ እንኳ ኳሷን ማቀበል ግድ ይሆንበታል። ብቻውን ጀግና መሆን እዚህ አይሠራም።

በጨዋታው መሐል ፊሽካ ስለሌለ ኳስ እጁን የነካው ልጅ ራሱ እጁን አንሥቶ ይቆማል። ካልቆመ ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም እንደ እንቅፋት አይታይም፤ የሥርዓቱ ዋና ትምህርት እሱ ነው። ከዳር የሚቆመው አወያይ ፍርድ አይሰጥም። ልጆቹ መግባባት ሲያቅታቸው ገብቶ የተስማሙበትን ያስታውሳቸዋል እንጂ ጥፋተኛውን አይለይም።

በሦስተኛው አጋማሽ ቡድኖቹ ክቡን መልሰው ይሠራሉ፤ ስለ ጨዋነታቸው አንዱ ለሌላው ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ከጎሉ ውጤት ጋር ስለሚደመር በጎል የመራው ቡድን ተሸንፎ ሊወጣ ይችላል። ለተቀናቃኝ ፊት ለፊት «እናንተ ቃላችሁን ጠብቃችኋል፣ እኛ አልጠበቅንም» ማለት ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም።

ስልቱ በ2002 በተመሠረተው ስትሪትፉትቦልወርልድ በተባለ ድርጅት በኩል ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። በ2010ሩ የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ ጊዜም 32 የወጣት ቡድኖች በጆሃንስበርግ አሌክሳንድራ ሰፈር በዚሁ መንገድ ተጫውተዋል።

ኳስ ግን በራሷ አታስታርቅም። በግንቦት 1990 በክሮኤሺያው ዳይናሞ ዛግሬብና በሰርቢያው ሬድ ስታር ቤልግሬድ ደጋፊዎች መካከል በማክሲሚር ስታዲየም የተነሣው ረብሻ ዩጎዝላቪያን የከፋፈለውን ጥላቻ በአደባባይ ያሳየ ነበር። የሥነ ልቦናው ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ መገናኘት ጥላቻን የሚያለዝበው ሰዎቹ በእኩልነት ሲገናኙ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ተባብረው ሲሠሩና ሥልጣን ያለው አካል ሲደግፋቸው ነው። ሁለት ሰፈር በየራሱ ማሊያ ሲጋጠም ከእነዚህ የሚጎድለው ብዙ ነው፤ በአንድ ማሊያ ሲደባለቁ ግን ግቡ የጋራ ይሆናል።

ፖለቲካል ሳይንቲስቷ ሳልማ ሙሳ ይህንኑ በኢራቅ ፈትሻዋለች። አይሲስ ያፈናቀላቸው ክርስቲያን ተጫዋቾች በዕጣ ተለይተው፣ ከፊሎቹ ቡድኖች ክርስቲያን ብቻ ሲሆኑ በሌሎቹ ሙስሊሞች ተጨመሩ። በ2020 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው ውጤት በጥሞና መታየት ያለበት ነው። ከሙስሊሞች ጋር የተሰለፉት በሚቀጥለው ውድድርም ለተደባለቀ ቡድን የመመዝገብ ዝንባሌያቸው ጨምሯል፤ ከስድስት ወር በኋላም ከሙስሊሞች ጋር ልምምድ ሲሠሩ ተገኝተዋል። ከሜዳው ውጭ የማያውቋቸውን ሙስሊሞች በተመለከተ ግን፣ ለምሳሌ ሙስሊሞች ወደሚበዙባት ሞሱል ሄዶ ምግብ ቤት ገብቶ በመብላት ረገድ፣ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም።

ስለዚህ የአንድ ቀን የዋንጫ ውድድር አዘጋጅቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መበተን ብዙ አያስገኝም። ትውውቁ የሚሰፋው ልምምዱ ዓመቱን ሙሉ ሲቀጥል፣ አሠልጣኞቹ ከሁለቱም ወገን ሲመጡ፣ ወላጆችም ከሜዳው ዳር ጎን ለጎን ቆመው ልጆቻቸውን ማየት ሲጀምሩ ነው።